እስከ አባቴ ክፍል የሚደርስ ዋይፋይ

ቆቦ ውስጥ በቤት ስልክ መስመር ኢንተርኔት ማስገባት በተጀመረባቸው ዓመታት፣ ከሰፈራችን ሰው ቀድሜ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ለጠየቀኝ ሁሉ «ለትምህርት ዝግጅት ነው» እል ነበር። ዋናው ምክንያት ግን እህቴ ናት። ታናሽ እህቴ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አባታችን ድምጿን መስማት ብቻ አልበቃቸው ብሎ «ፊቷን አሳዩኝ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ራውተሩን የተከሉልን ሰዎች ሳሎናችን ውስጥ፣ በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ፣ ቡፌው ላይ አስቀምጠውልን ሄዱ። የስልኩ ገመድ የሚገባው በዚያ በኩል ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። በማግስቱ ባለቤቴ ዳንቴል አለበሰችው።

«አቧራ እንዳይገባበት ነው» አለች። የቆቦን አቧራ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከርም፤ እኔም አልተከራከርኩም።

የግቢያችንን አቀማመጥ ልንገራችሁ። ለመንገዱ የቀረበው ቤት የእኔና የባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች የስፌት መኪናዋን በረንዳው ላይ አውጥታ ነው የምትሠራው። ግቢውን አቋርጣችሁ ወደ ጓሮ ስትሄዱ ደግሞ የአባቴን ክፍል ታገኛላችሁ። አባቴ በጉብዝናቸው ዘመን የፍየልና የግመል ነጋዴ ነበሩ፤ የዞብልን ተራራ ተሻግረው ወደ አፋር ይወርዱ ነበር። ያቺን ክፍል ድንጋዩን ራሳቸው መርጠው፣ ግድግዳውን ክንድ ሙሉ አስወፍረው አሠሯት። ከተማው በግንቦት ፀሐይ ሲነድ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጋቢ ያምረዋል። እናታችን ካረፉ በኋላ ከእኛ ጋር ዋናው ቤት እንዲገቡ ብንለምናቸው አባቴ አሻፈረኝ አሉ።

ዋይፋዩ ታዲያ በረንዳው ላይ አንደኛ ነው። ግቢው መሐል ሲደርስ ይደክማል። የአባቴ ክፍል ደጃፍ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ አባቴ ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላታቸውን ሰግደው ሲያበቁ ከዘራቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ይመጣሉ፤ እኔ ስልኩን ከፍቼ እደውልላቸዋለሁ። የእህቴ ፊት ብቅ ሲል ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉታል።

«ያ ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ አባባ፣ ደህና ነኝ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴን ተይው። አንቺ ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ ወላሂ።»

ወሬው ከዚህ አያልፍም፤ እስከዚያ ሰዉ ሁሉ ደርሷላ። ቀድመው የሚደርሱት ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእኛ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ክርስቲያን እናት ናቸው፤ ሽንኩርት እየላጡ ከነበረም ሰሃኑን እንደያዙ ይመጣሉ።

«ወዲህ አዙሩት፣ እኔንም ትየኝ እንጂ! ውይ፣ ወፍረሻል! እግዜር ይመስገን!»

ልብስ ሊያሰፉ የመጡት ሴቶችም በአባቴ ትከሻ ላይ ተንጠራርተው ሰላም ይሏታል። በሰፈራችን የሚመላለሰው የባጃጅ ሾፌር እንኳ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አስግጎ «እህታችን፣ መቼ ነው ቤት የምትሠሪው? ቆርቆሮውን የማመላልሰው እኔ ነኝ!» ይላታል። እህቴ ትስቃለች። ሁሉም ይስቃል። በረንዳችን በዚያ ሰዓት የሰርግ ቤት ይመስል ነበር፤ እኔም ያንን ሰዓት እወደው ነበር።

አንድ ቀን ጥሪው ካለቀና ሰዉ ከተበተነ በኋላ አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ ቆዩ።

«ይኼ ነገር እኔ ክፍል ድረስ አይመጣም ወይ?» አሉኝ።

«አይደርስም አባባ። ግድግዳው ወፍራም ነው።»

«ግድግዳውንማ ያስወፈርኩት እኔ አይደለሁም ወይ? ሙቀት እንዳይገባ ብዬ ነው። ይኼም እንደ ሙቀት ነው?»

«እንደ ሙቀት ነው ማለት ይቻላል።»

«ታዲያ ከዚህ የሚበረታ የለም ወይ?» አሉ።

ነበረ። አዲስ ባለብዙ አንቴና ራውተር መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሱቅ እንደገባ አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ነግሮኝ ነበር። ዋጋው ግን ለመምህር ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ይጠቅም እንደሆነ በሥርዓት ላጣራ ወሰንኩ። የሒሳብ ሰው ነኝና የአባቴን ጥያቄ ወደ ሒሳብ ቀየርኩት።

በመጀመሪያ ለማወቅ የፈለግሁት ችግሩ ከራውተሩ ነው ወይስ ከመስመሩ የሚለውን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቡፌው ሥር ተቀምጬ አንድ የትምህርት ቪዲዮ ከፈትኩ፤ እየተንተባተበ ነው የሠራው። ኮምፒውተሬን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ያንኑ ቪዲዮ ከፈትኩት። ያው ነው፤ እየተንተባተበ። ይህ ማለት ፍጥነቱን የያዘው ከውጭ የሚመጣው መስመር ነው ማለት ነው። ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ጫፉ ላይ ያለውን ቧንቧ መክፈቻ ብንለውጠው ውሃው አይበዛም። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ገንዘቤ ከኪሴ ሳይወጣ የተረፈ መሰለኝ።

ቀጥሎ ዋይፋዩ ግቢያችን ውስጥ እስከየት እንደሚሄድ ለማየት ስልኩን ከፊቴ ዘርግቼ አንድ እርምጃ እየሄድኩ፣ እየቆምኩ፣ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ግቢውን ዞርኩ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አዩኝ።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ዋይፋይ ነው እትዬ፣ የት ድረስ እንደሚሄድ እያየሁ ነው።»

«በል ስታገኘው እሰረው» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቦታ መቀየር ሞከርኩ። ዳንቴሉን ገፈፍኩት፤ ራውተሩን የስልኩ ገመድ እስከፈቀደ ድረስ ጎትቼ ወደ ግቢው የሚያየው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ብረት ከጀርባው ቢሆን ወደፊት ይገፋዋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር የትልቁን ድስት ክዳን ከኋላው አቆምኩለት። አባቴን ከክፍላቸው ደጃፍ ላይ አስቀምጬ እህቴ ጋ ደወልኩ። መጣች፤ ግን ፊቷ ተቆራርጦ ነው የመጣው። ግንባሯ ሲደርስ አገጯ ገና ነበር። በመጨረሻ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች።

«ኧረ ልጄን ምን አደረጋችኋት!» አሉ አባቴ ደንግጠው።

በረንዳው ላይ ደግሞ ሌላ ተቃውሞ ተነሳ። ዋይፋዩ ወደ ግቢው ሲዞር ከበረንዳው ጠፍቶ ነበርና የባለቤቴ ደንበኞች «ምነው ዘጋችሁብን?» ማለት ጀመሩ። ባለቤቴም ድስቷን ያለ ክዳን አገኘችው። ራውተሩን ወደ ቡፌው፣ ክዳኑን ወደ ድስቱ መለስኩ።

ማታ እራት ላይ ፍርዴን ለባለቤቴ አሰማሁ። አዲሱን መግዛት አያዋጣም፤ ከውጭ የሚመጣው መስመር ያው ስለሆነ ፍጥነት አይጨምርልንም፤ በረንዳው ላይ ደግሞ ያለው ይበቃል አልኳት።

እሷ አንድ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «አባባ ስለ ፍጥነት ጠየቁህ እንዴ?» አለችኝ።

«አልጠየቁኝም፤ ግን . . .»

«እኔ የሰማሁት ‹ክፍሌ ድረስ› ሲሉ ነው።»

«በረንዳው ላይ ምን አጡ? አገሩ ሁሉ እየመጣ ያጫውታቸዋል።»

«እሱን እሳቸውን ጠይቃቸው» አለችና ወደ ቁልፏ ተመለሰች።

አልጠየቅኋቸውም። አባቴ የሚፈልጉትን አንዴ ይናገራሉ፤ ለምን እንደፈለጉት ሲጠየቁ ግን ደስ አይላቸውም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬ በራሱ ወደ መናኸሪያው መራኝ። ባለሱቁ ራውተሩን ከካርቶኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥልኝ አንቴናዎቹ ወደ ላይ ተንጨፍርረው፣ በጀርባው የተገለበጠ ጥንዚዛ መሰለኝ።

«ይኼ ግድግዳ ጥሶ ነው የሚገባው» አለኝ። «ዋጃ ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ወስዶት እስከ ጓሮ አልጋዎቹ ድረስ ይደርሳል።»

«የሆቴሉ ግድግዳ ምንድን ነው?»

«ብሎኬት።»

«የኛ ድንጋይ ነው። ክንድ ሙሉ።»

ባለሱቁ ራሱን አከከ። «እንግዲህ . . . ወስደህ ሞክረዋ። ካልሆነ ትመልሰዋለህ።»

ይዤው ስገባ አባቴ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ነበር። ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ የሚገዙትን ፍየል እንደሚመረምሩ ሁሉ ከሥሩ ሳይቀር አዩት።

«ቀንድ አብዝቷል» አሉ። «ይሁን፣ እንየው።»

አዲሱን ቡፌው ላይ ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጬ አገናኘሁትና ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። እውነትም ይበረታል፤ ግቢውን አቋርጦ የአባቴ በር ድረስ ደረሰ። በሩን አልፌ ወደ ውስጥ ስገባ ግን ጠፋ። የአባቴ ድንጋይ አላስገባው አለ። ፍርዴ ትክክል በመሆኑ በልቤ ትንሽ ኩራት ተሰማኝ፤ ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ ብዬ ከክፍሉ ወጣሁ።

ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ከዋናው ቤት ተነስቶ በግቢው ላይ አልፎ ወደ አባቴ ክፍል የሚገባው የመብራት ሽቦ ላይ አረፈ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ የነበረ ሽቦ ነው። መብራቱ ግድግዳ ጥሶ አልገባም፤ በሽቦ መጥቶ፣ በመስኮቱ ክፈፍ በኩል ሾልኮ ነው የገባው። አዲሱን ራውተር እዚህ ክፍል ውስጥ አስገብቼ ከአሮጌው ጋር በገመድ ባገናኘውስ? አሮጌው በረንዳውን ይዞ ይቀጥላል፤ አዲሱ የአባቴ ይሆናል። ለምን እስከዚያ ድረስ እንዳልታየኝ አላውቅም፤ ብቻ እየሮጥኩ ተመልሼ ረጅም ገመድ ገዛሁ።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ የፈጀብንም አባቴ አዛዥ ስለሆኑ ነው። መሰላሉን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ከዘራቸውን በሌላው እጃቸው ወደ ላይ እያመለከቱ፣ ግመል የሚያስጭኑ ይመስል «አጥብቀው! ላላ! በዚያ በኩል ሳበው!» ይሉኛል። ገመዱን በማንጎው ቅርንጫፍ ሥር አሳልፌ፣ የመስኮቱን እንጨት በስቼ አስገባሁት። ራውተሩን ቁርአናቸው ከተቀመጠበት መደርደሪያ ዝቅ ብሎ አንድ እንጨት መትተን አስቀመጥነው። አረንጓዴ መብራቶቹ በሩ። ስልኩ ላይ ያለው ምልክት ሙሉ ሆነ። አባቴ ከግድግዳው ጋር ታርቀው ሲስቁ አየሁ።

የአስር ሰላት ደርሶ ነበር። ሰግደው ሲጨርሱ እህቴ ጋ ደወልኩና ስልኩን አቀበልኳቸው።

«በል አንተ ውጣ» አሉኝ።

«ስልኩን ማን ይይዝልዎታል?»

«እኔ እጅ የለኝም? ውጣና በሩን ዝጋው።»

ወጣሁ። በረንዳው ላይ ሰዉ እንደወትሮው መሰብሰብ ጀምሯል። «አባባ የት አሉ? አመማቸው እንዴ?» አሉ ሴቶቹ። ክፍላቸው ውስጥ ሆነው እያወሯት ነው ስላቸው ጎረቤታችን ሰሃናቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ልጅቷን ደበቃችሁብን?» አሉኝ። ቀልድ ቢመስልም ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ይናገራል።

ከማንጎው ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የአባቴ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ቃሉ የማይለይ ዝግ ያለ ንግግር ብቻ። በረንዳው ላይ ጥሪው ሻይ እስኪበርድ እንኳ አይቆይም ነበር፤ ይህኛው ግን ፀሐይዋ ወደ ላስታ ተራሮች አዘቅዝቃ፣ የግቢው ጥላ ረዝሞ፣ የመግሪብ አዛን ሊባል እስኪቃረብ ድረስ ዘለቀ። ባለቤቴም ሥራዋን አጣጥፋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

በሩ ሲከፈት አባቴ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ግን ፈክቷል።

«ልትመጣ ነው» አሉ።

«ማን?»

«እህትህ ናታ! ኢንሻአላህ ውሏን ስትጨርስ ትመጣለች።»

አጠገባችን ተቀመጡ። ሳንጠይቃቸው ራሳቸው ቀጠሉ።

«በረንዳው ላይ ደህና ነሽ ስላት ዓይኗ እኔን አያይም ነበር። ከኋላዬ ያሉትን ነው የሚያይ። በስንት ገበያ የከብት ዓይን እያየሁ ኖሬ የልጄን ዓይን ላጣው ነው? የሆነ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ፤ እዚያ ሰው መሐል ግን እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ዛሬ እኔና አንቺ ብቻ ነን አልኳት። አላመነችኝም። ክፍሉን በሙሉ እያዞርኩ አሳየኋት፤ አልጋ ሥር ሳይቀር። ያኔ ነገረችኝ።»

የነገረቻቸው ነገር ክፉ አልነበረም። አሠሪዎቿ ደህና ሰዎች ናቸው። ግን ደክሟታል፤ አገሯ ናፍቋታል። መምጣት ከፈለገች ቆይታለች። በየቀኑ በረንዳው ላይ ቤት መቼ ነው የምትሠሪው፣ ምን ይዘሽ ትመጫለሽ እየተባለች፣ የሚታይ ነገር ሳልይዝ ብመለስ ምን እባላለሁ ብላ ውሏን ስታድስ ኖራለች። የባጃጁ ሾፌር ቀልድ ትዝ አለኝ። ማናችንም ክፉ አላሰብንም ነበር፤ እሷ ግን እየሳቀች ሁሉንም ቃል ትይዘው ኖሯል።

«እርስዎስ ምን አሏት?» አለች ባለቤቴ።

«ቤት ሥሪ ያለሽ ማነው አልኳት። ይኼን ግድግዳ ለማን ያስወፈርኩት መሰለሽ አልኳት።»

ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔም ተነስቼ የአባቴን ራስ ሳምኩ፤ አዛን ተባለና አባቴ ለውዱእ ውሃ አምጣልኝ አሉ።

በማግስቱ የራውተሩን ሒሳብ ልከፍል ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ «አላልኩህም? ግድግዳ ጣሰ አይደል?» አለኝ።

«ጣሰ» አልኩት።

እህቴ ረመዳን ሊገባ ሲል መጣች። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ በሚኒባስ እየመጣች በየደረሰችበት ትደውል ነበር። አባቴ ቆቦ ላይ ሆነው መጠበቅ አልቻሉም፤ ሮቢት ድረስ ወጥተን ካልተቀበልናት አሉ። የሰፈራችንን ባጃጅ ያዝን። አስፋልቱ ዳር ቆመን ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር አባቴ ከዘራቸውን እያነሱ ሊያስቆሙ ይሞክሩ ነበር፤ አንዱ ሾፌር የሚሳፈሩ መስሎት ቆሞ በሩን ከፈተልን። እሷ የነበረችበት ሲደርስ ገና በደንብ ሳይቆም ነው የወረደችው። የአባቴን ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ ቀና አደረጓትና ሁለቱን ጉንጮቿን ይዘው ዓይኗን አዩ፤ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ማሻአላህ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ገና መጣሽ።»

የባጃጁ ሾፌር ሻንጣዋን ጫነ። ስለ ቤት አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ሲያደርሰንም ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። ጎረቤታችን እልልታቸው ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር። እህቴን አንገቷን አቅፈው ከሳሙ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ይቅር ብያችኋለሁ፤ ደብቃችሁም ቢሆን ይዛችሁልኝ መጣችሁ» አሉኝ።

እህቴ ጥቂት ወራት ካረፈች በኋላ መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ የጁስ ቤት ከፈተች። በመስኖ የሚያለሙት ገበሬዎች ማንጎውንና ፓፓያውን በጠዋት ያመጡላታል፤ ሙቀቱ ደግሞ ደንበኛውን ያመጣላታል። መንገደኛው ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ እሷ ጋ ነው የሚሄደው።

አሁን የሥራ ባልደረቦቼ «ራውተር ብንቀይር ያዋጣናል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ መስመሩ ቀጭን ከሆነ ፍጥነት እንደማይጨምር፣ ቦታ መቀየር እንደሚቀድም፣ ድንጋይ ግድግዳ ካለ ገመድ እንደሚሻል እነግራቸዋለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ግን ቤታቸው ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥና ማንን እንደሚያወራ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ምን አገናኘው ብለው ያዩኛል። አንዱ ግን ትንሽ አሰበና «እናቴ ማድ ቤት ናት የምትውለው» አለኝ፤ በሳምንቱ አዲስ ገዝቶ ገመዱን ለመዘርጋት መሰላላችንን ሊዋስ መጣ።

አባቴ ደግሞ ዋይፋያቸውን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ልጃቸው አጠገባቸው ሆና ለማን ይደውላሉ እንዳትሉኝ፤ ለእሷው ነው የሚደውሉት። የአስር ሰላታቸውን ሰግደው፣ በሩን ዘግተው፣ በባጃጅ ከአፍታ በላይ ወደማያስኬደው ጁስ ቤቷ ይደውላሉ። እሷ አንድ እጇ ፓፓያ እየላጠ ስልኩን ከጠርሙሶቹ ጋር ታስደግፈዋለች። ደንበኞቹም አባቴን ለይተዋቸዋል፤ በስክሪኑ በኩል ሰላም ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ከየት እንደመጡና የፍየል ዋጋ በዚያ አገር እንዴት እንደሆነ ይጠይቋቸዋል። እህቴ ሥራ በዝቶባት «አባባ፣ ልዝጋው?» ስትል «ዝጊው፤ ስትመጪ ግን ማንጎ ይዘሽልኝ ነይ፤ የበሰለውን» ይሏታል።